የአባቴ ትንሿ ጣት

አባቴ ሦስትን ከአራት መለየት ያቃተው እኔ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። እናቴ የሰው ዓይን ጠረጠረች፤ ጎረቤት ስኳር በሽታ ነው አለ፤ እሱ ራሱ ግን የጠረጠረው ግመል ገዢውን ነበር።

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። ከሐርሺንና ከሐርተሼክ ግመልና በሬ እየነዱ የሚመጡ ሰዎች ገበያ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያፈላልጉት እሱን ነው። እኛ ጋ የከብት ዋጋ በአፍ አይጠራም። ደላላውና ገዢው ሰላም እንደሚባባል ሰው ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዛሉ፣ ከላይ ፎጣ ይጣልበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጣት ነው። ሌባ ጣት ብቻዋን ከተያዘች አንድ፣ ከመሐል ጣት ጋር ሁለት፣ የቀለበት ጣት ስትጨመር ሦስት፣ ትንሿ ስትደረብ አራት፣ መዳፉ በሙሉ ከተጨበጠ አምስት። መቶ ይሁን ሺህ፣ ከብቱን ያየ ሰው ያውቀዋል። ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ የሚያየው ሁለት ፊት ብቻ ነው፤ የደላላ ፊት ደግሞ እንኳን ዋጋ የራሱን ራብ አይናገርም። ሲስማሙ እጃቸውን ጠበቅ አድርገው ይነቀንቁታል፣ ፎጣው ይነሣል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ “ተሳስቼ ነው” የሚባል ነገር የለም።

አንድ ቀን ከሐርሺን የመጡ አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እንዲያሻሽጥላቸው ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ከገዢው ጋር ፎጣ ሥር ገባ፣ ተስማማ፣ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ “በየግመሉ ሦስት አግኝቼልዎታለሁ” አላቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ገዢው ገንዘቡን ሲያወጣ ግን በየግመሉ አራት አራት አድርጎ ቆጠረ። እዚያው፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞር አሉና፣ “አራተኛው ለማን ነበር?” ብለው ጠየቁት።

ሽማግሌው ሙሉ ገንዘባቸውን ይዘው ሄዱ። አባቴ ግን ስሙን እዚያው ጥሎ መጣ። “ገዢው ሦስት ይዞ ነው አራት ያወጣው፤ ሊያዋርደኝ ነው!” እያለ ሲምል፣ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ “ሰው አንተን ለማዋረድ ብሎ ከኪሱ ይጨምራል እንዴ?” አልኩት። እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ። አባቴ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሲነሣ የሻይ ብርጭቆው ከእጁ ሸርተት ብሎ ወደቀና ተሰበረ፤ እሱ ብርጭቆው መውደቁን ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ለካ ትንሿ ጣቱ ከደነዘዘች ወራት አልፏታል። ለእናቴ ብቻ ነግሯት ኖሮ ሐኪም ቤት ሄዶ የቫይታሚን መርፌ ተወግቶ ተመልሷል፤ ምንም ለውጥ የለም። ስለዚህ እናቴና ዘመዶቹ የሚያውቁትን መፍትሔ ያዙ። ከተማው ዳር ብረት አግለው በሽታ የሚተኩሱ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት እንዲመጡ ተነገራቸው። የሚተኩሱት የትንሿን ጣት ሥርና የመዳፉን ጠርዝ ነው ተባለ። አባቴ አላንገራገረም፤ ሆዱ ላይ ከልጅነቱ የቀረ ክብ ክብ ጠባሳ አለ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ልሞት ስል በዚያ ነው የዳንኩት ይላል።

እኔ ግን መዳፉ የተተኮሰ ሰው አይቻለሁ። ቆዳው ሲሽር ይሰበሰባል፣ ጣቱ እንደ መንጠቆ ታጥፎ ይቀራል። የአባቴ ጣት እንዲያ ከቀረ ደላላነቱ አበቃ፤ ያ የሐርሺን ሽማግሌ ጥያቄም መልስ ሳያገኝ አብሮት መቃብር ይወርዳል። ንዴቴ መጣ። ጤና እማራለሁ እያልኩ ደብተር ይዤ የምመላለስ ልጅ ለአባቴ ጣት የምለው አንድ ቃል አልነበረኝም።

የአናቶሚ መምህራችን ከደጋ የመጡ፣ ነጭ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ፈገግታ የሚያስከፍላቸው የሚመስል ሰው ነበሩ። በኮሌጁ መማሪያ ሬሳ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረን ሆዱ የሚከፈት የፕላስቲክ ሰው ነው፤ ጉበቱ ጠፍቷል፣ አንድ ኩላሊቱ በፕላስተር ተጣብቋል። መጀመሪያ ቀን ከጨጓራው ኋላ የተጋደመች ቢጫ ነገር አውጥተው “ይህቺ ቆሽት ናት” ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያርር የኖረው ቆሽቴ የት እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እሳቸው ግን አልሳቁም። “እዚህ ክፍል ውስጥ ‘እዚህ ጋ’ የሚባል ቦታ የለም” አሉ። “‘እዚህ ጋ አመመኝ’ የሚለው በሽተኛው ነው። እናንተ ቦታውን በስሙ ትጠራላችሁ። ስሙን ለመጥራት ደግሞ መጀመሪያ ሰውየውን አቁሙት።”

አቆሙን። እግር ገጠም፣ ፊት ወደፊት፣ ክንድ ወደ ታች፣ መዳፍ ወደፊት፣ አውራ ጣት ወደ ውጭ። አናቶሚካል ፖዚሽን ይሉታል። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይቆምም፤ መዳፌን ገልብጬ ስቆም የለማኝ አቋም መስሎኝ አናደደኝ። እሳቸው በመካከላችን እየተዘዋወሩ ቃላቱን ይደረድራሉ። ወደ ሰውነት መሐል መስመር የቀረበ ሜዲያል፣ ከመሐል የራቀ ላተራል። በክንድና በእግር ላይ ደግሞ ወደ ግንዱ የቀረበ ፕሮክሲማል፣ የራቀ ዲስታል። “ክርን ከአንጓ ፕሮክሲማል ነው። ጣት ከአንጓ ዲስታል ነው። በሽተኛው ተኝቶም ይሁን ተጋድሞ፣ እጁን አጥፎም ይሁን ጠምዝዞ፣ እናንተ በሐሳባችሁ እንዲህ አቁማችሁ ነው የምትናገሩት። አለበለዚያ አንዳችሁ ግራ ስትሉ ሌላችሁ ቀኝ ይላል፣ በመሐል ሰው ይሞታል።”

ሐሙስ ዕለት፣ የሚተኩሱት ሽማግሌ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከዚያ አቋም ተለቅቀን ስንቀመጥ ክርኔ ከብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ኤሌክትሪክ የያዘኝ ይመስል እስከ ጣቴ ጫፍ ነዘረኝ። ጮህኩ። ልጆቹ ሳቁ።

“የትኛው ጣትሽ ነው የነዘረሽ?” አሉ መምህሩ። ሰውዬው የምራቸውን ነው የሚጠይቁት።

“ትንሿ” አልኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ “እና የጎረቤቷ ግማሽ።”

አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ እስክሪብቶ ሰጧትና እንድቆም አዘዙኝ፤ ያው የለማኝ አቋም። ልጅቷ እሳቸው እንደሚሏት ክንዴ ላይ መስመር አሰመረች፤ ከብብቴ ወርዶ፣ በክርኔ ውስጠኛ ጉብታ ኋላ አልፎ፣ በክንዴ ውስጠኛ ዳር ወርዶ፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ደረሰ። መዳፌ ወደፊት ስለዞረ ትንሿ ጣት ወደ ሰውነቴ ቀርባ ቆማለች፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይታያል። “አልናር ነርቭ” አሉ። “ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ ያዳምጣል። ክርን ላይ ሲደርስ ሥጋ የሚባል መከለያ የለውም፤ ከአጥንትና ከቆዳ መሐል ነው ያለው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ እዚያ ሲመታ የሚጮኸው።” ቀጥለውም፣ “ዲስታል የሚታመም ነገር ሁሉ ጥፋቱ ዲስታል አይደለም” ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ሌላውን ትምህርት አልሰማሁም። ዓይኔ ላይ የመጣብኝ የአባቴ የበርጫ ቦታ ነው። ግመል ግራ ዳሌውን ከረገጠችው ወዲህ በግራ ጎኑ መጋደም አይችልም። ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሲቅም በቀኙ ጋደም ይላል፤ ክርኑን አጥፎ ከበርጩማ ላይ ያሳርፋል፣ በርጩማው ደግሞ ያረጀ ጨርቅ ጣል የተደረገበት ደረቅ እንጨት ነው፣ እንደዚያ ሆኖ እስከ አመሻሽ ነው። እዚያ ላይ ተጋድሞ ሳየው ጣቱና ክርኑ ምን አገናኛቸው? በሐሳቤ አቆምኩት። መዳፉን ወደፊት አዞርኩለት። መስመሩ ታየኝ።

ከክፍል ስንወጣ መምህሩን ተከትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። “ክርኑ ላይ አይደገፍ፣ ሲተኛም አጥፎ አይተኛ፣ ሐኪም ዘንድም ይመለስ። ነርቭ በወራት ነው የሚነቃው፣ ከነቃም” አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “በአንድ ሴሚስተር ግን ሐኪም አትሁኚ” አሉኝ።

ቤት ስደርስ በርጫው ደርቷል። እኛ ቤት አባት “አቦ” ነው የሚባለው፤ እሱም መልሶ “አቦ” ይለኛል፣ በሶማሊ አባት ልጁን የሚጠራው በራሱ መጠሪያ ነው። “አቦ፣ እጅህን ስጠኝ” አልኩት። ጓደኞቹ ፊት እንዲህ ዘልዬ ስገባ ቅር ቢለውም ሰጠኝ። የክርኑን ውስጠኛ ጉብታ ኋላ በጣቴ ቆርቆር አደረግሁት። ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

“ምን ሆነሻል? የታመመው ጣቴ፣ አንቺ ክርኔን ትደበድቢኛለሽ!”

ጓደኞቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። “ኮሌጁ ዱላ ነው እንዴ የሚያስተምራችሁ?” አለኝ አንዱ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አልወጣሁም። ከትራሱ ጥጥ መዘዝኩና አባቴን ዓይንህን ጨፍን አልኩት። ጥጡን በሌባ ጣቱ ላይ አስኬድኩ፤ “ይሰማኛል” አለ። በመሐል ጣቱ ላይ፤ “ይሰማኛል።” በቀለበት ጣቱ አንድ ጎን፤ “ይሰማኛል።” በዚያችው ጣት በሌላው ጎን አስኬድኩት፤ ዝም። ትንሿ ላይ፤ ዝም። አንዲት ጣት ግማሿ ነቅታ ግማሿ ስትተኛ ያየ ሰው መሳቅ ይከብደዋል። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ ጥጡ አሁንም ትንሿ ጣቱ ላይ ነበር። አየውና እጁን ትከሻው ላይ ጣል ባደረገው ፎጣ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው መጡ። እናቴ ግቢው ውስጥ ከሰል አቀጣጥላ ነበር፤ ብረቶቹን ፍሙ ውስጥ ሰካኩ። አባቴ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ተናገርኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስለ ክርኑ፣ ስለ በርጩማው፣ ከክርን እስከ ጣት ስለሚወርደው መስመር። ሽማግሌው አላቋረጡኝም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

“እንግዲህ ጥፋቱ ያለው ክርኑ ላይ ነው የምትይኝ?” አሉ።

“አዎ፣ አዴር” አልኩ። እኛ ጋ ታላቅ ሰው አጎት ባይሆንም አጎት ነው።

“እስቲ ቦታውን አሳዪኝ።”

በኩራት አሳየኋቸው። ጫን ስል አባቴ ጥርሱን ነከሰ። እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ጫን አሉት፣ አባቴ እንደገና ሲሸማቀቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ልጅቷ እውነቷን ነው” አሉ። “በከንቱ ጣቱን ልንጎዳው ነበር። የሚተኮሰው እዚህ ነው።” ብለው የጋለውን ብረት ከፍሙ መዘዙ።

መምህሩ ያሉት ትዝ አለኝ። ከአጥንትና ከቆዳ መሐል ነው ያለው፣ መከለያ የለውም። ጣቱ ላይ ቢተኮስ ቆዳው ይጨማደድ ነበር፤ እዚህ ከተተኮሰ ግን ነርቩ ራሱ ይቃጠላል፣ ትንሿ ጣት ዳግመኛ አትነቃም። ቦታውን ደግሞ በገዛ ጣቴ ጠቁሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሳላስበው መዳፌን የአባቴ ክርን ላይ ለጥፌ ተንበረከክሁ።

“እጅሽን አንሺ” አለ አባቴ።

“አላነሣም።”

“አንሺ አልኩ! ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?”

“አላነሣም፣ አቦ። ከተኮሱትም በእጄ ላይ ይተኩሱት።”

እናቴ አፏን ያዘች። ሽማግሌው ብረቱን እንደያዙ ቆሙ፤ ቅላቱ እየጠፋ፣ እየጠቆረ ሄደ። መልሰው ፍሙ ውስጥ ሰኩት። ተቆጥተው አልነበረም፤ እስኪግል ጊዜ እንዳለ ያውቃሉ። “እሺ ልጄ፣ እናንተ ታዲያ በምን ታክሙታላችሁ?” አሉኝ።

“በምንም። አይደገፍበትም፣ ሲተኛ አያጥፈውም። በቃ።”

“ምንም የሚባል መድኃኒት ሰምቼ አላውቅም” አሉ።

እኔም ስናገረው ቀልሎ ተሰማኝ። እዚያ ያለው ፍም፣ ብረት፣ የሰው ሁሉ እምነት ነው፤ እኔ ይዤ የመጣሁት አትደገፍ የሚል ቃል ብቻ። አባቴ ግን ደላላ ነውና ልማዱ አልተወውም። “በስንት ጊዜ ይድናል?” አለ።

“በወር የሚቆጠር ነው።”

“ስንት ወር?”

ልመልስ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቁጥሩን በአፌ ብጠራው ሰው ሰምቶታልና ለክብሩ ሲል ብቻ እምቢ ይላል፤ አውቀዋለሁ። ፎጣውን ከትከሻው ሳብኩ። ቀኝ እጁን በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ ግራ እጄ ክርኑን እንደሸፈነ ነው፣ ፎጣውን በጥርሴ ጎትቼ ሁለቱ እጆቻችን ላይ ጣልኩት። እናቴ “ያ አላህ!” አለች። ሴት ልጅ ፎጣ ሥር ገብታ አታውቅም።

አባቴ እጁን ሊነጥቅ ነበር። አልነጠቀም። ከልጅነቱ ጀምሮ እጅ ተይዞ ፎጣ ከተጣለበት በኋላ ሳይደራደር የወጣበት ቀን የለም፤ ይመስለኛል እጁ ከእሱ ቀድሞ እሺ አለ። መዳፉን በሙሉ ጨበጥኩት፤ አምስት ወር። ፊቱ ምንም አልሆነም። ሌባ ጣቴን ብቻ ያዘ፤ አንድ ወር። እንደገና አምስት ጨበጥኩ። ሁለት ጣቴን ያዘ። ብረቱ ፍሙ ውስጥ እየቀላ ነበር። መዳፉን ለቀቅኩና ጣቶቹን ያዝኩ፤ ሌባ ጣቱን፣ መሐሉን፣ የቀለበቱን፣ ትንሿን። አራት። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ከብት ገበያ ያለ ፊቱን ነው ያገኘሁት። ብዙ ቆየ። ከዚያ እጄን ጠበቅ አድርጎ ነቀነቀው።

“ተስማማችሁ?” አሉ ሽማግሌው።

“ተስማማን” አለ አባቴ። ሽማግሌው ብረቶቹን አውጥተው ውኃ ውስጥ ነከሯቸው፤ “ችስ” ሲሉ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሁላችንም መከራ ነበር። በርጩማውን ደበቅኩት። በርጫ ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ክንዱን አቃንቶ ሲቀመጥ ጓደኞቹ “ሙሽራው” እያሉ ፈጁት። ሲተኛ እናቴ ክርኑን በፎጣ ትጠቀልልለታለች፣ እንዳያጥፈው። እሱም ይነጫነጫል፣ እኔንም ይረግመኛል፣ ግን ያደርገዋል፤ እምቢ ያለው ሐኪም ዘንድ መመለስን ብቻ ነው። ገበያ አይወጣም። ከሐርሺን የሚመጡት ሌላ ደላላ መያዝ ጀመሩ። እኔ ከኮሌጅ ስመለስ ጥጥ ይዤ ዓይኑን አስጨፍነዋለሁ። የቀለበት ጣቱ ሌላኛው ግማሽ ቀስ በቀስ ነቃ። ትንሿ ግን እንደተኛች ቀረች። ጥጡን ባስኬድኩባት ቁጥር ፊቱን እጠብቃለሁ፤ ዝም ይላል። ማታ ማታ የአናቶሚ ቃሎቼን ስሸመድድ፣ ይህ ሁሉ ስም ተጠርቶ ጣቷ ካልነቃች ምን ዋጋ አለው እያልኩ እናደድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከጥናት ስመለስ ግቢው ውስጥ የከሰል ሽታ አፍንጫዬን መታው። ፍም ተያይዟል። ሽማግሌው ተቀምጠዋል፤ ብረቶቹ ፍሙ ውስጥ ናቸው። አባቴ እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰብስቧል።

“ምንድን ነው ይሄ?” አልኩ።

“ቃሌን ጠብቄያለሁ” አለ አባቴ። “ሦስቱ ወር ትናንት ሞላ። ጣቴም አልዳነችም።”

“ሦስት? አራት ነው እንጂ!”

“ሦስት ነው የያዝሽው።”

“አራት ነው የያዝኩት፣ አቦ። ትንሿንም ይዣታለሁ። ወላሂ ይዣታለሁ!”

እናቴ የያዘችውን ማራገቢያ አወረደች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ትንሿን ጣቱን አጥብቄ ስይዝ እሱ አልተሰማውም ነበር። የተስማማው በሦስት ነው። ፎጣ ሥር የሆነውን ደግሞ ያየ ሰው የለም። ውሸታም ቢለኝ ማን ይመሰክርልኛል? ሴት ልጅ፣ ለዚያውም ድርድር የማታውቅ፤ የእሱ ቃል ከእኔ ቃል እንደሚበልጥ ሁሉም ያውቃል።

አባቴ እጁን አነሣና አየው። ትንሿን ጣቱን በግራ እጁ ያዛት፣ ጨመቃት፣ ጠመዘዛት። ፊቱ ላይ የደላላው ነገር ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

“እንግዲያው ያ ገዢም አራት ይዞ ነበር” አለ።

ጣቷን ለቀቃት።

“ሰውየውን ስረግም ከረምኩ።” እጅጌውን ወደ ታች አወረደ። ወደ ሽማግሌው ዞሮ፣ “አዴር፣ ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩዎት። የተያዘው አራት ከሆነ አራት ነው” አላቸው። ሽማግሌው ትንሽ አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ ከዚያ ብረቶቻቸውን ከፍሙ አወጡ።

በማግስቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገበያ ወጣ። ሊያሻሽጥ አልነበረም የሄደው። ከሐርሺን የመጡትን ሽማግሌ ፈልጎ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ትንሿን ጣቱን ዘርግቶላቸው፣ “አራተኛው ለማንም አልነበረም፤ ይህቺ አልነገረችኝም ነበር” እንዳላቸው የሰማሁት ከሌሎች ነው። ሽማግሌው ጣቱን ይዘው ዳሰሱት አሉ። ማመናቸውን አላውቅም። አባቴ ሲመለስ እራት በላ፣ ከእናቴም ጋር ሳቀ።

አራተኛው ወር ከሁሉ የረዘመ ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮሌጅ ከመሄዴ በፊት ጥጡን ትተን ፎጣውን እንጥላለን፤ እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይጠራል። አራት ስይዝ ሦስት ይላል። ሦስት ስይዝ ሦስት ይላል። አንዳንዴ አራት ይላል፣ እኔ ደስ ብሎኝ ልዘል ስል ፊቴን አይቶ እንደገመተ ይነግረኛል። “ፊትሽን ደብቂ፤ እንዲህ ያለ ፊት ይዘሽ ፍየል እንኳን አትሸጪም” ይለኛል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሁለታችንም ስለ ጣቷ ማውራት ተውን።

አንድ ጠዋት ፈተና ነበረብኝ፣ ቸኩዬ ነበር። ፎጣውን ጣልንና ሳላስበው በጭንቀቴ ኃይል አራቱንም ጣቶቹን ጨመቅኳቸው፤ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬያለሁ። ቆየ። መልስ ሲጠፋ ያው ዝምታ ነው ብዬ ልለቀው ነበር።

“አቦ” አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ “ትንሿን ልቀቂያት። አመመችኝ።”

አልለቀቅኋትም።